የሉሊት መስኮት

አረፋና ገና በአንድ ሳምንት ተከታትለው በዋሉበት ዓመት፣ ከሚሊኒየሙ በፊት በነበረው ታኅሣሥ፣ እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ለዕድሜዬ በጣም ረጅም ስለነበርኩ ሰልፍ ላይ ከወንዶቹም ኋላ ያቆሙኝ ነበር። ቁመት የሚያሳፍር ነገር ይመስለኝ ነበር እንጂ አንድ ቀን ሰው ለማታለል ይጠቅማል ብሎ የነገረኝ ማንም የለም።

ቤታችን ወረታ ውስጥ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ አስፋልት ከሚገነጠልበት ብዙም አይርቅም። ፊቱ ሱቅ ነው። አባቴ ኡመር በአንዱ በኩል ጨርቅ ይሸጣል፤ እናቴ ቱርኪያ በሌላው በኩል ክርና ቁልፍ። ከሱቁ ጎን ወደ መንገድ የምታይ አንዲት መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ነበረችን። እሷን ሉሊት ተከራይታት ነበር። ሉሊት የቁሐር ሚካኤል ገበሬ የአያ ካሴ ልጅ ናት። ክረምት ሜዳው ውሃ ሲተኛበት መንገዱ ይቆረጣል፤ በበጋም ብቻዋን ስትመላለስ እናቷ ትፈራለች፤ ስለዚህ አሥረኛ ክፍልን እኛ ግቢ ሁና ነበር የምትማረው። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነበር። ለእኔ ግን ትልቅ ሰው ናት፤ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ምድጃ፣ የራሷ የበር ቁልፍ ነበራትና።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ታስቀምጥና መስኮቱ ሥር ኪሮሿን ይዛ ትቀመጣለች። ኪሮሽ የምንለው ጫፏ የተቆለመመች ያችን የብረት መርፌ ነው። በዚያ ታኅሣሥ የምትሠራው የገና ኮከብ ነበር፤ መዳፍ የማትሞላ፣ በነጭ ክር የተሠራች ትንሽ ኮከብ። መጀመሪያ ለትምህርት ቤታቸው የበዓል ዝግጅት ነበር የሠራችው። እናቴ አይታ ወደደቻትና አንዷን ሱቁ መስታወት ላይ ሰቀለቻት። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ "ያችን ኮከብ" እያለ ይጠይቅ ጀመር፤ አንዱ ለበሩ፣ አንዱ ለመጋረጃው፣ የጭነት መኪና ነጂዎች ደግሞ ለመኪናቸው መስታወት።

"ነይ ልይሽ" ትለኛለች፤ አጠገቧ በርጩማ ላይ ታስቀምጠኛለች። "ክሩን በጣትሽ ላይ አዙሪው። አሁን ኪሮሹን አስገቢ። ጠልፈሽ ሳቢ። እንደገና ጠልፈሽ ሳቢ። አታጥብቂው እንጂ! ክሩ አይተነፍስም ወይ?"

እኔ ሁልጊዜ አጠብቅ ነበር። እሷ ስትሠራው ግን ክሩ ከጣቷ እየወጣ ራሱ መንገዱን የሚያውቅ ይመስላል። ኮከቧ ካለቀች በኋላ ሩዝ በተቀቀለበት ወፍራም ውሃ ውስጥ ትነክራታለች፤ ጫፍ ጫፏን በስፒል ካርቶን ላይ ወጥራ ፀሐይ ላይ ታሰጣታለች። ስትደርቅ እንደ ካርቶኑ ቀጥ ትላለች። ክፍሏ በዚያ ወር ሩዝ ሩዝ ይሸት ነበር። ደግሞም ከተማው በሙሉ። አዝመራው ገብቶ መፈልፈያዎቹ ቀኑን ሙሉ ስለሚጮኹ የሩዙ እብቅ በነፋስ እየመጣ ጣራው ላይ፣ ልብሳችን ላይ፣ ሽፋሽፍታችን ላይ ያርፍ ነበር።

ከመፈልፈያዎቹ አንዱ የአንለይ ነበር። አንለይ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ኢሱዙ መኪናም ያለው፣ ሲስቅ የወርቅ ጥርስ የሚታይበት ሰው ነው። በዚያ ወር ሱቃችን መመላለስ አበዛ። እኔ በጣም እወደው ነበር። ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አለው፤ ስሜንም ያውቀዋል።

"ኢክላስ፣ ዛሬስ ኮከብ የለም?"

"አለ። ሉሊት ሁለት ጨርሳለች።"

"በይ ጥሪያትና እሷ ራሷ ታምጣልኝ። አንቺ ታቆሽሺያታለሽ።"

ሉሊት መጥታ ዓይኗን ሳታነሣ ትሰጠዋለች፤ ወዲያው ትመለሳለች። እሱ ኮከቧን ከፍ አድርጎ በብርሃን ያያታል፤ በመዳፉ ይመዝናታል። "እጅ ነው እኮ ይኼ!" ይላል ለእናቴ። እናቴ ቀና ሳትል ክር ትጠቀልላለች። እንዲህ ያለ ጥሩ ደንበኛ ላይ ፊቷን ማጥቆሯ ያሳፍረኝ ነበር።

ከአንለይ የበለጠ የምወደው የሉሊትን አባት ነበር። አያ ካሴ በገበያ ቀን ሲመጡ ከነሥሩ የተነቀለ የሽምብራ እሸት በክንዳቸው ሙሉ ታቅፈው ይመጣሉ። ግማሹን ለሉሊት፣ ግማሹን ለእኔ ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው እየፈለፈሉ ያጎርሱኛል። "የኔ ሸምበቆ" ይሉኝ ነበር። "አንቺስ ጣና ዳር ነው የበቀልሽ!" በቁመቴ ያልሳቁብኝ፣ በቁመቴ ያሞገሱኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዚያ ወር አጋማሽ ገበያ ላይ ሲመጡ ሉሊትን እንዲህ አሏት፤ እኔ መሀላቸው ሁኜ እሸት እበላ ነበር።

"ዘንድሮ ለገና ዋዜማውን ነዪ። እናትሽም ናፍቃለች። በእግርሽ አትድከሚ፤ በመኪና ሰው እልክልሻለሁ።"

ሉሊት ሳቀች። "የምን መኪና? እኛ መኪና ከየት አመጣን?"

"አባትሽ ሰው የሌለው መሰለሽ እንዴ?" አሏትና ራሷን ዳሰሷት። እኔ በልቤ አባቴ ከእሳቸው ይልቅ ደረቅ ሰው ነው አልኩ። አባቴ መኪና ልኮልኝ አያውቅም።

መኪናው የአንለይ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ መዳር እንደ ድሮው ቀላል አልነበረም፤ መምህራንም ቀበሌም ይጠይቃሉ። "ተጠለፈችብኝ፣ ምን ላድርግ" ያለ አባት ግን የሚያሳዝን እንጂ የሚጠየቅ ሰው አይደለም። አያ ካሴና አንለይ የተስማሙት በዚህ ነበር።

የአረፋ ሰሞን የሉሊት እናት እትዬ ጸሐይነሽ መጡ። ቀኑ የገበያ አልነበረም። በእጃቸው ምንም አልያዙም፤ ያ ራሱ እንግዳ ነገር ነበር። ሉሊት ትምህርት ቤት ናት። እናቴ ሱቁን ለአባቴ ትታ ጨርቅ ወደምናስቀምጥበት ጓዳ አስገባቻቸው። እኔ ከጥቅል ጨርቆቹ ኋላ ኮከቤን እየታገልኩ ነበር፤ አላዩኝም።

"ምን ሁነሽ ነው እህቴ? መጀመሪያ ተቀመጪ" አለች እናቴ።

"አልቀመጥም። ገበሬው ባሌ ዘመድ ቤት የሄድሁ መስሎታል።" ድምፃቸው እንደታመመ ሰው ድምፅ ቀጥኖ ነበር። "ቱርኪያ፣ በገና ዋዜማ ሊጠልፏት ነው።"

"ማን?"

"ባለ መፈልፈያው።"

"አያ ካሴስ ያውቃል?"

እትዬ ጸሐይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። እናቴ ይዛቸው ቆመች። "አውቆ ነው" አለች፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለራሷ።

"እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ? እኔም በአሥራ ሦስት ዓመቴ በበቅሎ ጀርባ ነው የመጣሁ። እሷ ግን ትማር። እሷ እንኳ ትማርልኝ።"

እኔ ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው አንዲት ቃል ነበረች። መጥለፍ ማለት እኔ በዚያ ወር ከጧት እስከ ማታ የምማረው ነገር ነው፤ ጥልፍ ደግሞ በሱቃችን የሚሸጠው፣ ሙሽሮች ቀሚሳቸው ላይ የሚያስጠልፉት። ለሉሊት ለገና ጥልፍ ሊያስጠልፉላት ነው ብዬ ገባኝ። እትዬ ጸሐይነሽ ያለቀሱትም ውድ ስለሆነ መሰለኝ። ቀናሁባት።

ሉሊት ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሯ ላይ ጠበቅኋት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ኪሮሿን እስክታነሣ ድረስ ታገሥሁ።

"ለእኔስ አይጠልፉልኝም?" አልኳት።

"ምን?"

"ለገና ዋዜማ አንቺን ሊጠልፉሽ አይደል? እናትሽ መጥተው ሲናገሩ ሰማሁ። አንለይ ነው አሉ። ለእኔም ንገሪልኝ።"

ኪሮሹ በቀለበቱ መሀል ቆመ። ሉሊት አላየችኝም። መስኮቱን አየች፤ ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ኢሱዙ። ቀስ ብላ ክሩን ከጣቷ ላይ ፈታችው፤ ጣቷ ላይ ነጭ መስመር ቀርቶ ነበር።

"ሌላስ ምን አሉ?"

"አባትሽም ያውቃሉ።"

ተነሥታ ወደ እናቴ ሄደች። በሩን ዘጉት። ከውስጥ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ብቻ ነው፤ "ልነግርሽ ነበር፣ መላ እስካገኝ ነው" ስትል። ሉሊት ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ኮከቧን ካቆመችበት ቀጠለች። በዚያን ቀን የጨረሰቻት ኮከብ ግን የእኔን ትመስል ነበር፤ ጠብቃ ጠብቃ ድንጋይ ሁናለች። ሩዝ ውሃም አላስፈለጋትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢሱዙው ከመንገዱ ማዶ አልጠፋም። ውስጡ የአንለይ ታናሽ ወንድም ደስታው ይቀመጣል። ጺሙ ገና እያቀመቀመ ያለ ልጅ ነበር፤ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ሸንኮራ ይቆረጥማል። ጭነት የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። እጄን ሳወዛውዝለት እሱም ያወዛውዝልኛል። የሚጠብቀው መስኮቱን ነበር።

አረፋ መጣ፤ በግ ታረደ፤ ጎረቤት ገባ ወጣ። ሉሊት የገና ጾም ላይ ስለነበረች እናቴ ለብቻዋ ሩዝ በዘይት ሠርታ ሰጠቻት። እሷ በእጇ ስትነካካው ቆይታ ለእኔ ሰጠችኝ። እናቴ ለበዓሉ አዲስ ጥቁር አባያ ገዝታ ነበር፤ በእጅጌው ጫፍ ብርማ ጌጥ ያለበት። አንድ ቀን ብቻ ለብሳ አጣጥፋ አስቀመጠችው። እንዳልነካው አስጠንቅቃኝ ነበር።

የገና ዋዜማ ጧት ያን አባያ ሉሊት ለብሳ ቆማ አገኘኋት።

በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ አገጯ ሥር ሻርፑን በስፒል እያያያዘችላት ነበር። ሉሊት አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ በጣቷ ይዛ "እሱንስ?" አለቻት። እናቴ እጇን ያዘቻት። "እሱን ተይው። ከውስጥ ማን ያየዋል?" አንገትጌውን ከፍ አድርጋ ሸፈነችላት።

"እማዬ፣ ለምን የአንቺን ልብስ?"

"ጨዋታ ነው። ዛሬ ሉሊት የለችም፤ የአክስትሽ የሰአዳ ልጅ ናት። ከአባትሽ ጋር ወደ ደብረ ታቦር ደርሳ ትመጣለች።" ሰአዳ የአባቴ እህት ናት፤ የምትኖረው ደሴ ነው። ልጇን አይቻት አላውቅም።

ጨዋታው አላስደሰተኝም። የበዓል ልብስ፣ የአባቴ መንገድ፣ የመኪና ጉዞ፣ ሁሉም ለሉሊት ሆነ። አባቴ ኮፍያውን አድርጎ በኋላው በር መጣ። ፊቱ እንደ ጭቃ ደርቆ ነበር። ሉሊት ጎንበስ ብላ ሳመችኝ፤ እኔ አኩርፌ ጉንጬን አዞርሁባት።

"የጀመርኋትን ኮከብ አንቺ ጨርሻት" አለችኝ፤ ኪሮሹን እጄ ላይ አድርጋ። "ቀስ ብለሽ።"

በጎረቤት አጥር ሾልከው ወጡ።

እናቴ በሩን ቆለፈችና ወደ ሉሊት ክፍል ወሰደችኝ። መስኮቱ ሥር በርጩማውን አንሥታ በምትኩ ግማሽ ከረጢት ሩዝ አስቀመጠችና በላዩ አወጣችኝ። የሉሊትን ነጠላ አምጥታ ራሴ ላይ ጣለችው፤ እሷ እንደምታደርገው አጣፋችልኝ። ስስ መጋረጃውን ሳበችው።

"አሁን አንቺ ሉሊት ነሽ። ሥሪ። ወደ መንገድ ግን አትዪ፤ ደግሞም ለማንም እጅሽን አታወዛውዢ።"

ኩርፊያዬ ወዲያው ጠፋ። የሉሊት ቦታ፣ የሉሊት ኪሮሽ፣ የሉሊት ነጠላ! ጀርባዬን አቅንቼ ክሩን ጣቴ ላይ አዞርሁ። ጠልፌ ሳብሁ፣ ጠልፌ ሳብሁ። ከማዶ የሸንኮራ ልጣጭ ሲተፋ ይሰማኛል። ደስታው እያየኝ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ኮራሁ።

እናቴ ከኋላዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መቁጠሪያዋን ይዛለች፤ ጣቷ ግን አይንቀሳቀስም። የደከማት መሰለኝ። አሁን እኔ ራሴ ልጅ አለኝ። ያንን ከሰዓት በኋላ ሳስበው ራሴን የማስቀምጠው ከረጢቱ ላይ ሳይሆን አልጋው ጠርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ ሁኜ በመስኮቱ ብርሃን ላይ የልጄን ጀርባ አያለሁ። አንድ ጊዜ እናቴን ጠይቄያታለሁ። "መስኮቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ አባትሽ ደብረ ታቦር መንገድ ላይ አላምበር ሳይደርስ ይደርሱበት ነበር" አለችኝ። "እኔስ?" አልኳት። "ከአንቺ ሌላ የማስቀምጠው ማን ነበረኝ" ብላ ተነሥታ ወጣች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ። የሰው ኮቴ መጣ። በሩ ላይ የማውቀው ድምፅ ተጣራ።

"ሉሊት! ተነሺ ልጄ፤ መኪናው መጥቷል።"

አያ ካሴ ነበሩ። ዘልዬ ልከፍት ስል እናቴ ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። በሩ ሁለቴ ተንኳኳ፤ በሦስተኛው መወርወሪያው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ የገባው አንለይ ነው፤ አያ ካሴ ከኋላው። ደስታው በሩ ላይ ቆመ። አንለይ መጥቶ ነጠላውን ከራሴ ላይ ገፈፈው። ለቅጽበት እኔና እሱ ተያየን። የወርቅ ጥርሱ አልታየም።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ልጄ ናት" አለች እናቴ። መሀላችን ገብታ ቆማለች።

"ሉሊትስ?"

"ሂዳለች።"

"የት?"

አያ ካሴ ወደ ፊት ቀረቡ። ያ እሸት የሚያጎርሰኝ እጃቸው የሉሊትን ነጠላ ይዞ ነበር። "ወይዘሮ ቱርኪያ፣ አያዋርዱኝ። በሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። ልጄን የት አደረሷት?"

"ሂዳለች አልኩ፤ በጎንደር መንገድ። ቅድም ነው። አሁን አዲስ ዘመን ከተማን ሳታልፍ አትቀርም።"

እናቴ ተሳሳተች። ጎንደር በወዲያ፣ ደብረ ታቦር በወዲህ መሆኑን እኔ እንኳ አውቃለሁ። "እማዬ፣ ጎንደር አይደ..." አልኩ።

የጫማዋ ተረከዝ በባዶ እግሬ ጣቶች ላይ አረፈ፤ ከዚያም ከበደ።

አንለይ ሰማኝ። እናቴን በክንዱ ገለል አድርጎ ፊቴ ላይ ቁጢጥ አለ። ናፍጣና ሽቶ ይሸታል። ከኪሱ ከረሜላ አወጣ።

"ኢክላስ፣ አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ምን ልትዪ ነበር?"

ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። እናቴ ስትቆጣ አውቃታለሁ፣ ስታለቅስም አይቻታለሁ። ያን ቀን የነበረውን ፊት ግን አይቼው አላውቅም። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም፤ አንድ ትልቅ ነገር እንዳጠፋሁ ግን ተሰማኝ። እግሬ ይነዳል። እጄን ሳየው ሉሊት የሰጠችኝ ኮከብ ተጎትታ ተተርትራለች።

"ኮከቧ ተበላሸች!" ብዬ ጮኼ አለቀስሁ። "ሉሊት ጨርሻት ብላኝ፣ ተበላሸችብኝ!"

አንለይ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ተነሣ። ከረሜላውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ "ጎንደር!" አለ ለወንድሙ። የኢሱዙው ሞተር ሲነሣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ወደ ጎንደር ነጎዱ። አያ ካሴ በር ላይ ለብቻቸው ቀሩ። የሉሊትን ነጠላ እንደያዙ ወጡ።

እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አስታወከች። የአረፋ ሥጋ ያመማት መሰለኝ፤ ውሃ አመጣሁላት።

መሸት ሲል ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ተነሣ። ክርስቲያኖቹ በዓሉን እየተቀበሉ እልል የሚሉ መሰለኝና ደጃፍ ወጣሁ። ሴቶች ወደ ጎንደሩ መንገድ ይሮጣሉ፤ እጃቸው ራሳቸው ላይ ነው። አንዲት ጎረቤታችን እያለፈች ለእናቴ ነገረቻት። ኢሱዙው ርብ ድልድይ አጠገብ ተገልብጧል። ደስታው ከሥሩ ቀርቷል፤ አንለይ እግሩ ደቅቋል።

እናቴ የበሩን መቃን ያዘች። "ያ አላህ" አለች። "ጎንደር ያልሁት እኔ ነኝ።"

"አዎ፣ ተሳስተሻል እኮ" አልኳት፤ ነገሩ አሁን ገባት ብዬ ደስ እያለኝ። "እኔ ልነግርሽ ነበር። የሄዱት ወደ ደብረ ታቦር ነው።"

አፌን በመዳፏ ከደነችው። ጎትታ ወደ ቤት አስገባችኝ፤ በሩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ እጇን ከአፌ ላይ አላነሣችም። የመዳፏ ጨው እስካሁን ከንፈሬ ላይ አለ።

አባቴ ከቀናት በኋላ ብቻውን ተመለሰ። ሉሊት አክስቴ ሰአዳ ዘንድ እንደቀረች፣ እዚያ እንደምትማር ለእናቴ በሹክሹክታ ነገራት። እትዬ ጸሐይነሽ ከዚያ ወዲህ ገበያ አልመጡም። ሉሊት ስለሄደች እኛን የረሱን መሰለኝ። አያ ካሴ ግን ያን ሌሊት የሚስታቸውን ክንድ በዱላ ሰብረው ነበር። ክንዱ ጠምሞ ዳነ። እትዬ ጸሐይነሽም ቤቱን ትተው ጣራ ገዳም ገብተው መነኮሱ፤ እዚያው ዐረፉ። ልጃቸውን ዳግም አላዩም፤ ሉሊት ወደዚህ አገር መመለስ አትችልምና። አንለይ በለቅሶው ላይ በሰው ሁሉ ፊት "የወንድሜ ደም እሷ ላይ ነው" ብሏል። ሽማግሌዎች አያ ካሴን ከእሱ ጋር አስታርቀዋቸዋል። እሷን ግን ሊያስታርቋት አልቻሉም፤ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ከእኛ ሌላ።

ወላጆቼ አሁን በሕይወት የሉም። ሱቁን የያዝሁት እኔ ነኝ። ሉሊት የጤና ባለሙያ ሁናለች፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ የምትኖርበትን ከተማ አልጠራም። ለአረፋ እሷ ትደውልልኛለች፣ ለገና እኔ እደውልላታለሁ።

ባለፈው ነሐሴ አያ ካሴ ሱቄ መጡ። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ዓይናቸው ደክሟል፣ ትከሻቸው ወርዷል። "የኔ ሸምበቆ" ሲሉኝ ነው ያወቅኋቸው። አስቀመጥኋቸው፤ ሻይ አስመጣሁላቸው። ስለ አዝመራው፣ ዘንድሮ ውሃው ቁሐርን እንዴት እንደበላው ሲያወሩኝ ቆዩ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"አለች?"

"አለች።"

አለቀሱ። ውሸት ያልሆነ የሽማግሌ ልቅሶ፣ ድምፅ የሌለው። "እኔ ልሞት ነው ልጄ። የት ናት አልልሽም። ድምፅዋን ብቻ አሰሚኝ።"

ያ የሽምብራ እሸት፣ ያ ራስ የሚዳስስ እጅ ታወሰኝ። ስልኬን አወጣሁ። ስሟን አገኘሁት፤ ጣቴ ከላዩ ነበር።

ውጭ ዝናብ እየጣለ ነው። መንገዱ ጥቁር ጭቃ ነው። ዓይኔ ሳላስበው ወደ እግራቸው ወረደ። ጫማቸው ንጹሕ ነበር።

"ከቁሐር በምን መጡ አባባ?"

"በእግሬ ነው የመጣሁ" አሉ። ዓይናቸው ፊቴ ላይ አልነበረም፤ ስልኬ ላይ ነበር።

በበሩ አሻግሬ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ነጭ ፒክአፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። መስተዋቱ ግማሽ ድረስ ወርዷል፤ ከውስጡ የክራንች ጫፍ ይታያል።

ልቅሷቸው እውነት ነበር። መኪናውም እውነት ነበር። አንዱ ሌላውን እንደማያፈርሰው ያን ቀን ነው የገባኝ። አንለይ አስገድዷቸው ይሁን ፈልገው ይሁን አላውቅም፤ ምናልባት እሳቸውም አይለዩትም።

"ኔትወርክ የለም" አልኋቸው። ስልኬን ኪሴ ከተትሁ።

"ነገ ልምጣ?"

"ይምጡ።"

ደግፌ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሲሻገሩ አንድ ሰው ከመኪናው ወርዶ እጃቸውን ያዘ።

ሱቁን ዘግቼ ከውስጥ ሁኜ ደወልሁላት።

"አባትሽ መጥቶ ነበር" አልኋት። "ብቻውን ግን አይደለም።"

ልጆቿ ከኋላ ሲጫወቱ ይሰማኛል።

"ከስቷል?" አለችኝ።

"ከስቷል።"

"ጫማስ አድርጓል?"

"አድርጓል።"

"እሺ" አለች። ስልኩን አልዘጋችውም፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም የየራሳችንን ዝናብ ሰማን። ከዚያ ተቋረጠ።

በማግስቱ ስደውል ስልኳ አይሠራም። ቁጥር መቀየሯን ከአክስቴ ከሰአዳ ሰማሁ፤ አክስቴ አዲሱን ልትሰጠኝም ፈልጋ ነበር። አያ ካሴ እንዳሉት መጥተው ሱቁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በስልክ ስናገር ያዩኝ ነበርና፣ "ግድ የለም፣ ለእኔም አትስጪኝ" አልኋት፤ እሳቸው እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።